መርዶ ያልነበረው ማለዳ

ይህን ስጽፍ አንዳንዱን ነገር አዛብቼ ላስታውስ እንደምችል አስቀድሜ መናገር ይኖርብኛል። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ታሪክ ነው፤ ከዚያ ትምህርት የቀረልኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ምስክር ያየውን ብቻ ሳይሆን ሊያይ የፈለገውንም ይዞ እንደሚቀር ነው። ሐይቅ ከተማ መምህር ሳለሁ ይህንኑ ለተማሪዎቼ ስነግር ስለ ሌሎች ሰዎች የማወራ ይመስለኝ ነበር።

ከአገር የወጣሁበትን ሌሊት እንዲህ አስታውሰዋለሁ። ጎረቤት እስኪመሽ ተቀምጦ፣ መርቆኝ ተበተነ። ዶሮ ሲጮኽ ስነሣ ከሐይቁ የሚወጣው ጉም ደጃፋችን ድረስ መጥቶ ቆሟል። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በደሴ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሻንጣዬን ተሸክሜ ከእናቴ ጋር ወደ መናኸሪያው በእግር ሄድን። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነሥቶ ነበር። እናቴ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላዋን ተከናንባ እጇን በመስኮቱ አስገባችና በወረቀት የተቋጠረ የግሸን እምነት መዳፌ ላይ አኖረች። «ልብ ግዛ፣ እሺ አባቴ» አለችኝ። ለጉዳዩ ወደ ደሴ የሚሄደው የሥራ ባልደረባዬ መምህር ይመር ከአጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር እጇ እንዲያልፍ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሳበ። ያ አረንጓዴ ጥለት ዛሬም ከጉሙ ውስጥ ይታየኛል። ፊቷ አይታየኝም፤ ያኔ ግን ይህን ልብ አላልኩትም።

ለሁለተኛ ዲግሪ ጀርመን መጣሁ፤ ትምህርቱ ሲያልቅ አገር ቤት መንገዱም ሰዉም ታውኮ ነበርና በዚያው ቀረሁ። የመኖሪያ ፈቃድ አመልክቼ መልስ እየጠበቅኩ የፖስታ ጥቅል በሚለይበት መጋዘን እሠራለሁ። የተከራየሁት ክፍል ፍራው ሊንደ የሚባሉ ባልቴት ቤት ጣሪያ ሥር ነው። እዚህም ጉም አለ፤ ነገር ግን የሐይቅ ጉም ፀሐይ ስትወጣ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ይህኛው እንደ ተከራይ ከመስከረም እስከ መጋቢት ይቀመጣል። ዓሣም አለ፤ ራስም አጥንትም የሌለው፣ አራት ማዕዘን ሆኖ በካርቶን የሚሸጥ። ከሐይቅ ዳር ገና እየተንፈራገጠ የምንገዛውን ቆሮሶ ለሚያውቅ ሰው ይህን ዓሣ ብሎ ለመጥራት ድፍረት ይጠይቃል። ሰላምታውም እንደዚያው ነው። እኛ አገር ሰው ሲያገኙ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቀው፣ ያንኑ ደግመው ጠይቀው ነው የሚለያዩት፤ እዚህ «ሃሎ» ብለው ሳይቆሙ ያልፋሉ፣ ቃሉ መሬት ላይ ወድቆ ይቀራል።

ከፍራው ሊንደ ጋር ያጋጨን የአየር ጉዳይ ነበር። በክረምት እኩለ ቀን ደረጃውን ወጥተው በሬን ያንኳኳሉ።

«ሉፍተን!» ይላሉ። ሉፍተን ማለት መስኮት ከፍቶ ብርዱን በገዛ እጅ ወደ ቤት ማስገባት ነው።

«ፍራው ሊንደ፣ ነፋስ ይመታኛል።»

«ማን ነው የሚመታህ?»

«ነፋስ።»

«ነፋስ ሰው አይመታም። ሻጋታ ግን ግድግዳዬን ይመታል። ክፈት!»

እከፍታለሁ፤ ጋቢዬን ተከናንቤ ጥግ እቀመጣለሁ።

እሑድ እሑድ አገር ቤት እደውል ነበር። ስልኩን የምታነሣው ታላቅ እህቴ እቴቴ ሙሉ ናት፤ ከዚያ ለእናቴ ታቀብላታለች፣ እናቴም «አለህልኝ?» ብላ ትጀምራለች። በአንዱ እሑድ እቴቴ ሙሉ ሳታቀብላት ቀረች። «ጉሮሮዋን ይዟት ድምፅ የላትም» አለችኝ። በሚቀጥለው «ጠበል ገብታለች» ተባልኩ። ከዚያ «ዕድር ሄዳ ነው»፤ ከዚያ «አሁን ገና ጋደም አለች»። መስከረም ሲገባ ደግሞ «ለግሸን ተነሥታለች» አለችኝ።

«በዚያ ጉልበቷ?»

«እስከ ግርጌው በአውቶቡስ፣ ከዚያማ ሰው ይደግፋታል። ስለት አለባት።»

«ምን ስለት?»

«የራሷ ነዋ! ስለት ይነገራል እንዴ?»

ያገሬ ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ ምን እንደገባኝ ያውቃል። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። «አባትህን ትንሽ አሞታል» ብለው አስመጡኝ፤ አክስቴ ዘነቡ ቤት አሳደሩኝና ሊነጋጋ ሲል ሦስት ሰዎች ጋቢያቸውን ለብሰው ገቡ። «እንደምን አደርክ?» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ወዲህ በማለዳ «እንደምን አደርክ?» የሚለኝ ሰው ሁሉ ደረቴን ያስጨንቀዋል። በውጭ አገር ላለ ሰው ደግሞ ነገሩ ይረዝማል፤ ቤተሰቡ እዚያ ያለቅሳል፣ በስልክ ይስቃል፣ እሱ ባለበት ከተማ የአገሩን ሰዎች ፈልጎ እነርሱ ማለዳ ሄደው እንዲነግሩት ይለምናል። «ግሸን ወጥታለች» ለሞተች እናት የሚበቃ ቆንጆ ሽፋን ነበር። እውነትም ሊሆን ይችላል፤ ያስጨነቀኝ ይኸው ነው። በዚያ ሰሞን በአካባቢው ኢንተርኔት ስላልነበረ ፊቷን አሳዩኝ ማለት አልቻልኩም።

የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቴ ሳያልቅ ከወጣሁ መመለስ አልችልምና ልዩ ፈቃድ ጠየቅኩ።

«ምክንያት?» አሉኝ ሰውየው።

«እናቴ ሳትሞት አልቀረችም።»

«የሞት የምስክር ወረቀት ይዘዋል?»

«ገና አልነገሩኝም።»

«እንግዲያው በሕይወት አሉ።»

«ብትሞትም እኮ አይነግሩኝም።»

ሰውየው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ሞተው ከሆነ ማስረጃ ያምጡ፤ ፈቃድ እንሰጣለን። በሕይወት ካሉ ግን አስቸኳይ ሁኔታ የለም።»

«ሳላውቅስ?»

«ላለማወቅ የተዘጋጀ ቅጽ የለንም።»

እንቅልፌ ከዚያ ወዲህ ጠፋ። እህል ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል፤ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጦ እንደ እርጥብ ጆንያ ይከብደኛል። ብርድ ነው አልኩ፣ ሉፍተን ነው አልኩ። ቀጠሮ ይዤ የሰፈሩ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ደሜን መርምረው፣ ጀርባዬን አዳምጠው ምንም አላገኙም። ስወጣ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ምግብ ከማን ጋር ነው የሚበሉት?»

«ከሬዲዮ ጋር።»

አልሳቁም። አንዳች ነገር ጻፉ።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ገና ጎሕ ሲቀድ ደወሉ ጮኸ። ከጣሪያ ሥር ሆኜ ቁልቁል ስመለከት ሦስት ያገሬ ሰዎች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። መካከል ላይ ጋሽ ጥላሁን ናቸው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ በዕድሜ ትልቃችን፣ ሰው ሲሞት የሚላኩት እርሳቸው። በቀኛቸው ሰይድ አለ፤ የሐይቅ ልጅ፣ እዚህ ያለኝ የቅርብ ወዳጅ። ሦስተኛው ዲያቆን መላኩ ነው። ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ነበር፤ ቢያንስ እኔ የማስታውሰው እንደዚያ ነው። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። በሩን ስከፍት ጋሽ ጥላሁን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እንደምን አደርክ?» አሉኝ።

በሩ ላይ ወደቅኩ። ደረቴን አንድ ነገር ከውስጥ ጨምድዶ ያዘው፤ ግራ እጄ ደነዘዘ። ወለሉ ላይ ሆኜ ሰይድ ጭንቅላቴን ሲያቅፈኝ ይሰማኛል።

«አብሽር! አብሽር ወንድሜ! ወላሂ ማንም አልሞተም!»

ካልሞተ ለምን አብሽር ይለኛል? ብዬ ማሰቤን አስታውሳለሁ። ከላይ የፍራው ሊንደ መስኮት ተከፈተና «እሑድ ነው! ሩኸ!» የሚል ድምፅ መጣ፤ ጸጥታ ይጠይቃሉ። ወዲያው ግን ድምፃቸው ተለወጠ፤ አምቡላንስ የጠሩትም እርሳቸው ናቸው።

በአምቡላንሱ ውስጥ ጎልማሳው ባለሙያ «ከዚህ በፊት ልብህን አሞህ ያውቃል?» አለኝ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ። በተለይ ጠዋት በባዶ ሆዴ ቃሪያ ስበላ።»

ባለሙያዎቹ ተያዩ። በእኛ አገር ልብ ማለት ከደረት እስከ እንብርት ያለው ሁሉ መሆኑን፣ ጨጓራውም፣ አሳቡም፣ ማስተዋሉም በዚያው ስም እንደሚጠራ፣ እናቴም «ልብ ግዛ» ስትለኝ ከሥጋ ቤት አለመሆኑን በዚያ ሰዓት ማስረዳት አልችልም ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ በቀጭን ሽቦ የልቤን ደም ሥሮች አዩ። የተዘጋ የለም። ወጣቷ ሐኪም ማታውን መጥታ በኮምፒውተር ላይ የልቤን ምስል አሳየችኝ። ጫፉ ተነፍቶ፣ አንገቱ ጠቦ፣ ሲመታ ጫፉ አይንቀሳቀስም።

«አንድ አስደንጋጭ ነገር ደርሶብሃል?»

«ሦስት ሰዎች ቤቴ መጡ።»

«ዘረፉህ?»

«የለም።»

«አስፈራሩህ?»

«የለም። እንደምን አደርክ አሉኝ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ነገርኳት፤ መርዶውን፣ ማለዳውን፣ አባቴን፣ ግሸንን። አንዴም ሰዓቷን አላየችም። ከዚያ ይህ ሕመም ስም እንዳለው ነገረችኝ። ስሙን ያወጡለት ጃፓኖች ናቸው፤ እንዲህ የተነፋው ልብ ዓሣ አጥማጆቻቸው ባለ ስምንት እግሩን የባሕር እንስሳ ከሚይዙበት አንገተ ጠባብ ማሰሮ ጋር ይመሳሰላል። «እኛ በተለምዶ የተሰበረ ልብ እንለዋለን» አለች። «ድንገተኛ ሐዘን ወይም ድንጋጤ ሲደርስ ሰውነት በሚረጨው ንጥረ ነገር ልብ ለጊዜው ይዝላል። ቅዠት አይደለም፤ ይኸው ታየዋለህ። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል።»

«ያልሞተ ሰው ሞት ልብ ይሰብራል?»

«ልብህ ዜናውን አላጣራም» አለች። ከዚያ እየወጣች፣ «ወንድ ላይ ብዙ አላየሁትም፤ የማየው በዕድሜ በገፉ ሴቶች ነው» አለች። ለምን እንደነገረችኝ አላውቅም። ቃሉ ግን ሄዶ ሐይቅ ዳር ተቀመጠ።

በማግሥቱ ሦስቱም መጡ። ሰይድ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ሊስቅም ሊያለቅስም ቃጣው።

«አንተ ሰውዬ! እኛ እኮ ለግሸን በዓል ወደ ትልቁ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ልንወስድህ ነው የመጣን። መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ።»

«አንተ እስላሙ?»

«ታዲያስ! ሐይቅ እያለን ግሸን ማን ያመላልሳችሁ ነበር? አባቴ አይደለም?»

«ለምን በማለዳ መጣችሁ?»

«ቅዳሴ በቀትር ይጀመራል እንዴ?» አሉ ጋሽ ጥላሁን።

ለምን ደውለው እንዳልነገሩኝ ጠየቅኩ። ደውለን ነበር፣ አታነሣም፤ ሰሞኑን ከሰው ተለይተህ ከርመሃልና ልናስደስትህ ነው አሉኝ። ልክ ነበሩ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር መርዶ እየመሰለኝ መልስ መስጠት ትቼ ነበር።

ላምናቸው ፈለግኩ። ነገር ግን ጋሽ ጥላሁን ከክፍሉ ውጭ ቆመው በስልክ ሲናገሩ ሰማኋቸው። «ልጁ ልቡን ታሟል፤ ክፉ ወሬ እንዳይደርሰው ተጠንቀቁ። ምንም ቢሆን፣ ምንም!» ከቤተሰቤ ጋር እንደሚነጋገሩ ገባኝ። ያን ጊዜ ምን ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ እንደገባሁ ተረዳሁ። እናቴ ሞታ ቢሆን እንኳ ከዚህ በኋላ የሚነግረኝ ሰው በምድር ላይ የለም። መታመሜ ራሱ በሩን ዘጋው። ሰው ሁሉ ወደደኝና ብቻዬን ቀረሁ።

ስወጣ ፍራው ሊንደ በር ላይ ጠበቁኝ። «ሉፍተን አድርጌልሃለሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰዎችህ አንድ ትልቅ ዳቦ ትተው ሄዱ። ሊደርቅብህ ስለሆነ በላሁት። ምንድነው በውስጡ ያለው ጥቁር ፍሬ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጥቁር አዝሙድ ነው። ዳቦ ይዘው ነበር እንዴ?»

«ትልቁ ሰውዬ በጨርቅ ጠቅልሎ ታቅፎት ነበር። ከመስኮት አየሁ።»

«ነጭ ልብስ ለብሰው ነበር አይደል?»

«የምን ነጭ? ሦስቱም ጥቁር ጃኬት ነበር የለበሱት።»

ክፍሌ ገባሁ። መርዶ ይዞ የሚመጣ ሰው ድፎ ዳቦ አይታቀፍም። ዳቦውን አላየሁትም፤ ያልነበረውን ጋቢ ግን አይቻለሁ።

ከግሸን በዓል በኋላ እቴቴ ሙሉ ደወለች። «ይኸው መጥታለች፤ ራስህ አነጋግራት» አለችና የስልኩ መንኮሻኮሽ ተሰማኝ።

«አለህልኝ?»

የእናቴ ድምፅ ነው፤ ደከም፣ ጎርነን ያለ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን አንድ ትንፋሽ አልቆየም። አክስቴ ዘነቡ የእናቴ ታናሽ ናት፤ ከበር ውጭ ስትጣራ እኔ ራሴ ልጅ ሆኜ እየተሳሳትኩ «አቤት እማ!» እላት ነበር። ለታመመ ልጅ ሲባል ይህን ማድረግ ለእነርሱ ኃጢአት አይደለም። ስለዚህ ከቤተሰባችን ከእናቴና ከእኔ በቀር ሰው የማያውቀውን ልጠይቅ ወሰንኩ።

«እማ፣ ስሄድ መናኸሪያው ላይ በመስኮት የሰጠሽኝ ምን ነበር?»

 «መናኸሪያ?» አለች። «እኔ መች መናኸሪያ መጣሁና?»

ደረቴ ላይ ያ ጆንያ ተመልሶ ተቀመጠ።

«መጥተሻል እንጂ። እጅሽን አስገብተሽ፣ ‹ልብ ግዛ› አልሽኝ።»

«‹ልብ ግዛ› ያልኩህ እደጃችን ላይ ነው። ከዚያ አብረን ጥቂት እንደሄድን፣ ዋርካው ሥር ስንደርስ ልቤን ያዘኝ፣ ተቀመጥኩ። እምነቱን ገና አልሰጠሁህም ነበር። አንተ ሰዓት ደረሰ ብለህ ቸኩለሃል፤ ‹ሂድ፣ እደርስብሃለሁ› አልኩህ። ዘነቡ ከኋላ መጣች፤ ነጠላዬን አውልቄ ከእምነቱ ጋር ሰጠኋትና ‹ሩጪ ድረሽበት› አልኳት።»

«ነጠላሽን ለምን?»

«እሷ የቤት ልብሷን ለብሳ ነበራ። ሰው ፊት እንዲያ ሆና ትሽኝህ?»

ቀጠለች። «አባቴ፣ ሙሉ እንዳትነግርህ ብያት ነው። ካንተ ጋር በተነጋገርኩ ቁጥር ሌሊቱን ያው የዋርካው ሥር ሕመም ይይዘኛል። ደሴ ወስደው አሳዩኝ፣ ምንም የለብሽም አሉ። ‹ድምፁን ስትሰሚ ነው የሚነሣብሽ፤ ለጥቂት ጊዜ ተይው› አለኝ የንስሐ አባቴ። ተውኩት። ስትደውል አጠገቧ ተቀምጬ እሰማሃለሁ። ለግሸን የተሳልኩትም ልብ እንድትሰጠኝ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ የተማርኩትን ሁሉ አሰብኩ። አስመሳይ ይገምታል እንጂ አይክድም፤ ሐሰተኛ ምስክር የጠየቁትን ያጸድቃል። ይህም ሆኖ የእኔ ትዝታ ከእርሷ ቃል ጋር ተጣልቶ ቆሟል፤ ከሁለት አንዱ ሐሰት ነው። እርሷ እናቴ ከሆነች እኔ በየምሽቱ ስጽናናበት የኖርኩት አረንጓዴ ጥለት የእናቴ ስንብት አልነበረም ማለት ነው። ትዝታዬ እውነት ከሆነ ደግሞ እናት የለኝም። ሰው ትዝታው ሐሰት እንዲሆን እንዲህ አጥብቆ ሲመኝ አላውቅም።

አሁን እሑድ ስደውል በተስማማነው ልክ ነው የምንነጋገረው። እናቴ «አለህልኝ?» ትላለች፤ እኔ «አለሁልሽ» እላለሁ፤ ከዚያ ስልኩ ለእቴቴ ሙሉ ይተላለፋል። ከዚህ ከበዛ ሌሊቱን እርሷ ትታመማለች፤ ከዚህ ካነሰ እኔ እታመማለሁ። የእኔ ልብ ወደ ቅርጹ መመለሱን በምስል አይተውልኛል። የእርሷን እንዲህ ያየው የለም። ፈቃዴም አልመጣም።

በመጨረሻ ለቤተሰቤ ዘመድም የምክራቸው ተካፋይም ያልሆነ ምስክር ፈለግኩና ያን ማለዳ በሚኒባሱ ከአጠገቤ የተቀመጠውን፣ እናቴንም አክስቴንም የሚያውቃቸውን መምህር ይመርን ስልኩን አስፈልጌ አገኘሁት። የእናቴን ቃል አልነገርኩትም፤ የሚያስታውሰውን ብቻ ጠየቅኩት። በመስኮቱ እጇን ያስገባችው አክስቴ ዘነቡ እንደነበረች፣ እርሱም ቦርሳውን የሳበው ለእርሷ እንደሆነ አረጋገጠልኝ። ከዚያ ሳልጠይቀው ጨመረ፤ ሚኒባሱ በቤታችን በኩል ወደ ደሴ ሲያልፍ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የእምነቱን ቋጠሮ ስመለከት፣ ከዋርካው ሥር ነጠላ ያልለበሰች ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በሁለት እጇ ደረቷን ይዛ መንገዱን ታይ ነበር።